ስምንተኛን ለጨረሰ ልጅ ሁለት በር ቢከፈትለትስ?

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር እዚህ ቤት ሁለት ሳምንት ለቅሶ እንቀመጥና እንበተናለን። እኔ ዛሬ ሙግት ይዤ መጥቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃው ሲቀንስ እውነተኛው መልካችን ወጣ ለሚለው ተቃውሞ የለኝም። ግን ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አራት ዓመት ሙሉ ወደተዘጋጁበት ቦታ ካልደረሱ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያስተማርናቸው ለምንድን ነው? የቬክተር ድምር በቃሉ ይዞ የወጣ ልጅ ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ሲበላሽ ጎረቤት ይጠራል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ልጁ ስምንተኛን ሲጨርስ የቀለም ሁለተኛ ደረጃና የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ፊቱ ይቀመጡለት፤ ይምረጥ። ሙያውን የመረጠም ሒሳቡን፣ ሳይንሱንና እንግሊዝኛውን አይተው። ቴክኒክና ሙያ አለ አይደል እንዳትሉኝ። እሱ ፈተና ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ለቀረው የሚሰጥ ነው። ምረጥ ተብሎ የሚገባበትና ወድቀህ ነው ተብሎ የሚገባበት ቤት አንድ አይደለም። ድጋፍም ተቃውሞም በደስታ እቀበላለሁ።

(ከዚህ በታች ያለውን ኋላ የጨመርኩት ነው። ምላሹ ስለበዛና መሃል ላይ ስለ ውሃ ታንከር ስለተገባ፣ ዘግይቶ ለመጣ ሰው እንዲመች በየቁጥሩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።)

1 ላይ የመለሰው ደብረ ብርሃን አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምር ነው። ከሰላምታውና ከምስጋናው በኋላ ሙሉ በሙሉ ደገፈኝ። ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሲያስተምር ባትሪውንም አምፖሉንም ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ እንደሆነ፣ ልጆቹ ሬዚስተር የሚባለውን ነገር በእጃቸው ነክተው እንደማያውቁ ነገረን። በመጨረሻ ግን በጃንሆይም በደርግም ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አገራችን አይታ አታውቅም ብሎ ጨመረ፤ ይህችኛዋ ዋጋ አስከፈለችው።

2 ላይ አንድ ሰው አጨበጨበና ሄደ።

3 ላይ የመጡት አዛውንት ናቸው፤ እዚህ ቤት ሁላችንም አባታችን የምንላቸው። ፊዚክስ አስተማሪውን ልጄ ብለው በለሆሳስ ጀመሩና አረሙት። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች እንደነበሩ፣ እሳቸው በተማሩበት ግቢ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ረጅም የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል እንደነበር፣ በጠረጴዛው ዳር ዳር ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ መያዣ) እንደታሰረ፣ ሴቶቹ የቤት አያያዝ፣ የንግድ ክፍሎቹ ደግሞ ታይፕና የሒሳብ መዝገብ ይማሩ እንደነበር ዘረዘሩ። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከጣሊያን መውጣት በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ መከፈታቸውንም አስታወሱ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ያሉት ሌላ ነገር ነው፦ ራንዳ (የእንጨት መላጊያ) ሲገፋ የዋለውም ላቲን ፊደል ሲቆጥር የዋለውም መጨረሻ ላይ ማትሪክ ይቀመጣል። ከእንጨት ሥራ ክፍላቸው ወጥቶ ሐኪም የሆነ ሰው ያውቃሉ። በዚያ ዘመን የተመረጡ ልጆች የሚገቡበት ጄኔራል ዊንጌት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መሆኑን ጠቅሰውም፣ ይህን ዕድገት ነው ወይስ ውድቀት እንደምንለው ጠየቁን። እስካሁን ማንም አልመለሰላቸውም።

4 ጨዋነቱ ያበቃበት ነው። እርስዎ ብሎ ጀምሮ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አንተ ላይ ወረደ። ሙያ ይከበር ባዮች ሁሉ የሰው ልጅ ወደ ብየዳ ልከው የራሳቸውን ልጅ ለግል ትምህርት ቤት እንደሚከፍሉ ተናገረና፣ የራሴን ልጅ እልክ እንደሆን ቁርጥ ያለ መልስ ጠየቀኝ።

5 እኔ ነኝ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ጠይቄያት እንደምመለስ ጻፍኩ። 4 ላይ ያለው ሰው ሳቅ አስቀመጠልኝ።

6 ላይ የትምህርት ቢሮ ሰው የሚመስል አነጋገር ያለው ገባ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ሁሉ ቤቱ እንደማይቀመጥ፣ ከፊሉ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ተደግፎ ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ፣ ሌላው በመቁረጫ ነጥብ ቴክኒክና ሙያ እንደሚመደብ አስረዳ። የ1986ቱ ፖሊሲ ልጆቹን አሥረኛ ክፍል ላይ ይለይ እንደነበረም አከለ፦ ነጥቡ የሞላለት መሰናዶ፣ ያልሞላለት 10+1፣ 10+2፣ 10+3። በኋላ ይኸው ከደረጃ 1 እስከ 5 ወደሚለው ተቀየረ፤ ሥልጠናው ራሱ ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ስለዚህ ችግሩ የአመለካከት ብቻ ነው ብሎ ዘጋው። እንዲህ የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር ወርክሾፕ ገብቶ ያውቅ ይሆን እላለሁ።

ደግነቱ 7 ላይ የመጣው ወርክሾፕ ውስጥ የሚውል ነው፤ አሥር ዓመት በላይ ብረታ ብረት ያሠለጠነ። ከክሩ (ከዚህ ውይይት) ሁሉ ረጅሙም ቁም ነገር ያለውም የሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ አመለካከት አላወራም፤ ስለ ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ ብረቱን ስለሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ፣ አወራ። ብየዳ የሚለመደው እጅ እስኪደነዝዝ ደጋግሞ በማቅለጥ ነው አለ። ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ጋር ያለውን ርቀት መጠበቅ፣ ማዘንበል፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት መያዝ በጽሑፍ አይገባም፤ ጀማሪ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን ይበሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ መስመር የሚመስለው። ለዚህ ለአንድ ልጅ በፓኬት የሚቆጠር ኤሌክትሮድ ያስፈልገዋል። እሱ ጋ ግን በጀቱ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ስለሚያልቅ እሱ ይበይዳል፣ ሠላሳ ልጅ መነጽር እየተቀባበለ ያያል። አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ የተቆረጠ ብረት ላይ በጠመኔ መስመር እየሳበች እጇን ስታለማምድ አግኝቷት እንደሚያውቅም ጻፈ። ቶርኖው (ብረት መቅረጫ ማሽኑ) ሞተሩ ተቃጥሎ ስንት ጊዜው፤ መለዋወጫ ተጠይቆ ጨረታ ይወጣል፣ ጨረታው ይሰረዛል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንጀምር ለሚለኝ ሰው ጥያቄዬ ዕድሜው አይደለም፣ ማቴሪያሉን ማን ይገዛል ነው ብሎ ጨረሰ።

8 የመካኒሳ ጋራዥ ባለቤት ነው። ሥልጠናው 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ይሁን የሚለው የትብብር ሥልጠና በሱ በኩል ምን እንደሚመስል ነገረን። ደንበኛ መኪናውን ለተማሪ እጅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ልጁ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፣ ሻይ ይጠራል፣ ሲወጣ መዝገቡ ላይ ማኅተም ይመታለታል። አላፈረበትም፤ እንዲያውም መንግሥት አንድ የተበላሸ ሞተር ቢሰጠኝ አፍርሰው ሲገጥሙ ይውሉ ነበር አለ። 9 ላይ አንድ ወጣት ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። በሕንፃ ኤሌክትሪክ ደረጃ 4 የጨረሰ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና በመጀመሪያው ያላለፈ ነው። ምዘናው ላይ የተሰጠው ሥራ አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋበት መስመር ዝርጋታ ነበር፤ በኮሌጅ በሥዕል ብቻ የተማረው። ባለጋራዡን ሻይ የላክኸን አንተ ነህ አለው። ባለጋራዡ 10 ላይ ቁጣውን ትቶ መጥተህ ሞክር ብሎ ጋበዘው። ልጁ መሄድ አለመሄዱን አላውቅም።

11 ከሪያድ ነው። እህታችን ስለ እኛም አስቡ ብላ ገባች። አዋጅ 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የብቃት ማረጋገጫ ያለው ይሁን ብሎ ስለነበር፣ እሷም የቤት አያያዝ ሥልጠና ገብታ ተመዝና ነው የወጣችው። የቫኪዩም ማጽጃ ስም ተምራ ተፈተነች፤ ዕቃውን መጀመሪያ ያየችው ግን አሠሪዎቿ ቤት ነው። ወረቀቷን ጠይቆ ያየ ሰው አላጋጠማትም። ሙያ ስትሉ ሁልጊዜ ወንድና ብረት ብቻ የሚታያችሁ ለምንድን ነው ስትል አንድ ሁለታችንን ዝም አሰኘች። ከዚያ በኋላ ነው ክሩ ወደ ሌሎች አገሮች ትምህርት የዞረው።

12 ሽቱትጋርት ያለ ወንድማችን ጀርመንን አመጣ፤ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሜካትሮኒክስ (መካኒክና ኤሌክትሮኒክስ በአንድ ላይ) አውስቢልዱንግ የሚባለውን የሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ተምሯል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ፋብሪካ፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝ ይከፈለዋል። ለምንድን ነው ድርጅቱ የሚከፍለው ለሚለው የሰጠው ምክንያት ጥሩ ነው፦ ውሉን የሚፈራረሙት ልጁና ድርጅቱ ናቸው፣ ፈተናውን የሚያወጣው የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ ነው፤ ድርጅቱ ነገ የሚቀጥረውን ሰው እያሠለጠነ ስለሆነ ሻይ አይልከውም። ማይስተር (የሙያው ከፍተኛ ማዕረግ) የሆነ ባለሙያ በጀርመን የብቃት ደረጃ ከዲግሪ እኩል መቀመጡንም ነገረን።

13 ፍራንክፈርት ያለች እናት ጨርሰህ ንገራቸው እንጂ አለችው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ልጅ አራተኛ ክፍል እንደጨረሰ፣ ገና በአሥር ዓመቱ፣ ወደ ጂምናዚየም (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት) ይሂድ ወይስ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት የሚለው ላይ አስተማሪ ሐሳብ ይሰጣል። የሷ ልጅ ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚናገር ጀርመንኛው ገና ነው ተብሎ ወደ ዝቅተኛው ሊላክ ነበር፤ ተሟግታ ነው ያስቀረችው። በኋላ መዛወር እንደሚቻል አልካደችም፤ ግን የሚወጣው ስንቱ ነው አለች።

14 ላይ እስራኤል የሚኖር ሰው ሲጽፍ ንግግሩ ሁሉ ተቀየረ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የገባ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቱ። ከኢትዮጵያ የመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ እዚያም ብዙዎቹ የሙያ ክፍል ተመደቡ። ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ፣ ብረታ ብረት ክፍል ራሱን እንዳገኘው፣ ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩና እንዲያውም ቶሎ እንጀራ ይብላ ብለው ያዘኑለት እንደሆኑ ጻፈ። ሲጨርስ ግን በእጁ የያዘው ሙሉ በግሩት (የእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት) አልነበረም፤ ያለሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መቆም አይቻልም። ከሠራዊት በኋላ የጎደለውን ፈተና እየሠራ በማታ እየተማረ ሞላው፤ አብረውት የነበሩት አብዛኞቹ አልሞሉትም። ሙያን አልጠላም፣ ዛሬም ቤቴ ውስጥ የራሴን በር የምሠራው እኔ ነኝ አለ። የጠላው ስለሱ ሌላ ሰው መወሰኑን ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ ልጁ ይምረጥ ያልከው ውሸት ነው፣ ምርጫ የሚባለው ለሀብታም ልጅ ብቻ ነው፣ የድሃውን አስተማሪው ይመርጥለታል አለኝ። ከክሩ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

15 ላይ ሽቱትጋርት ተመልሶ፣ በአንድ አገር በተፈጸመ በደል ጠቅላላ ሥርዓቱ አይወገዝም አለ። 16 ላይ የእስራኤሉ ሰው፣ አንተ በሃያ ዓመትህ ፈልገህ የገባህ ሰው ነህ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ስለገባ ልጅ ምን ታውቃለህ አለው። 17 ላይ መልሱ ስድብ ነበረበት፤ አወያዩ አጥፍቶታል፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

18 ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህታችን ነገሩን አበረደችው። ልጇ እዚያው ሜሪላንድ ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። ግማሹን ቀን እዚያ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ግማሹን ቀን የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ፤ አውቶቡስ ያመላልሰዋል። ዲፕሎማውን የሚያገኘው ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ዓይነት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች ልጅሽ ምን ሆኖ ነው እያሉ በሐዘኔታ እንደሚጠይቋት ስትጽፍ ሳቅሁ። አሁን ባለ ዲግሪ ልጆቻቸው የትምህርት ብድር ሲከፍሉ እሱ በለማጅነት እየተከፈለው ሊቀጥል ነው፤ ጥያቄው ቀነሰ አለች። አባታችን 19 ላይ የኛም እንዲህ ነበር ብቻ ብለው ወጡ።

20 ታሪክ አስተማሪ ነው። የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሙት ነገር አንዱ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት እንደነበር አስታወሰን። ጥናቱ ለብዙኃኑ አጭርና ተግባር ተኮር ትምህርት፣ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለጥቂቱ የሚል መንገድ ይዞ ነበር፤ ሕዝቡ የሰማው የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ማረሻው ይመለስ የሚል ነው። መንግሥት ጥናቱን አቆመ፣ አመፁ ግን አልቆመም። ስለዚህ ወላጅ ሙያ ሲባል የሚጠራጠረው ስለማያውቅ አይደለም፣ ስለሚያውቅ ነው አለ። 6 ላይ የአመለካከት ችግር ነው ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ከ21 እስከ 23 ስለ ንቀት ተወራ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው ማወጃቸውን አንዱ አነሳ፤ ሌላው አዋጁ ከመቶ ዓመት በኋላም ሥራ ላይ አልዋለም አለ። አንዲት ልጅ ቧንቧ ሠራተኛ እጮኛዋን አባቷ ኢንጂነር ነው ብለው ለዘመድ እንዳስተዋወቁት ተናገረች፤ በወር የሚያገኘው ግን ከኢንጂነር ወንድሟ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው 24 እጮኛሽ ገርጂ ድረስ ይመጣል ወይ ያለው። ታንከሩ እየሞላ ይፈሳል። 25 ተንሳፋፊው ቫልቭ ነው አለ፣ 26 አይደለም ጎማው ነው አለ፣ 27 ሁለቱንም ተሳደበ። ሙያ አያስከብርም ሲሉ የነበሩ ሰዎች አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በስልክ ለማግኘት እንዴት እንደተሻሙ ብታዩ!

28 ላይ ቃሌን ይዤ ተመለስኩ። ልጄን እራት ላይ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የ12ኛ ክፍል ፈተና እቀመጣለሁ ወይ ነው። ከተቀመጠች ኤሌክትሮኒክስ ትሄዳለች፤ ካልተቀመጠች አትሄድም፣ ጓደኞቿ ወደቀች ይሏታል። እናቷ ከተቀመጠችም አይሆንም ብላለች። እንግዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፁ ተከፍሏል ብዬ እንዳለ ጻፍኩት። 4 ላይ የጠየቀኝ ሰው 29 ላይ ቢያንስ አልዋሸህም አለኝ፤ ከሱ ይህ ብዙ ነው። የእስራኤሉ ሰውም 30 ላይ የልጅቷን ጥያቄ እኔ በጊዜው ብጠይቅ ኖሮ አለና፣ ፈተናው ለሁለቱም በር አንድ ከሆነ ብቻ እደግፋለሁ ብሎ ጨመረ።

31 የብረታ ብረቱ አሠልጣኝ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሰዓቱን ቁጠሩት አለን። ለማትሪኩ ሙሉ የቀለም ትምህርት፣ ለእጁ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ወርክሾፕ፤ በፈረቃ በሚማር ትምህርት ቤት ይህ ቀን ከየት ይመጣል? የሜሪላንዱ ልጅ አውቶቡስ አለው። አሁንም ኤሌክትሮዱን ማን ይገዛል የሚለውን አልመለሳችሁልኝም አለ።

32 አዲስ ሰው ነው፣ የአንድ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር። 3 ላይ አባታችን የገለጹት ዓይነት ክፍል የሱ ግቢ ውስጥ እንዳለ፣ አሁን የተሰበረ ወንበር እንደሚከማችበት፣ ከወንበሮቹ ሥር አንድ ቶርኖና ሁለት መሰርሰሪያ ማሽን እንዳገኘ ጻፈ። ከወላጅ ኮሚቴው ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ማሽኖቹ ይነሱ እንደሆን የሚነግረው ሰው ነው ያጣው። አሠልጣኙ 33 ላይ ወዲያው መለሰለት፦ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ጠርጎ ፎቶ ይላክለት፤ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ከሆነ ትምህርት ቤቱ የሦስት ፌዝ መስመር ያለው መሆኑን ከመብራት ኃይል ያጣራ፤ እስከዚያ ማንም ሶኬት ላይ እንዳይሰካው። የፊዚክስ አስተማሪው ደግሞ 34 ላይ መንገዱ ቅርቡ ከሆነ ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ ወንበሩን ለማውጣት እንደሚያግዝ ጽፏል። ፎቶው ገና አልተላከም።